አንድ ማንኪያ በፍልሰታ

ወለተማርያምን ጭንቅ ይወዳታል። መንገድ ላይ ካላገኛት ቤቷ ድረስ ይመጣላታል። ባሏ በላይነህ ከቢሮ ትንሽ ካረፈደ መገናኛ ላይ መኪና ገጭቶታል ብላ ታለቅሳለች። ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ እስከ ታች ወርዳ፣ ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን ብላ ደረጃውን ሁሉ መልሳ ትወጣለች፤ ደግሞ ሁልጊዜም አጥፍታዋለች። በላይነህ «አንቺ እኮ የሚያስጨንቅሽ ሲጠፋ፣ ምን ረስቼ ይሆን ብለሽ የምትጨነቂ ሰው ነሽ» እያለ ያበሽቃታል።

የዘንድሮው የፍልሰታ ጭንቋ ግን ቀልድ አልነበረም። ልጅቷ አልበላ ብላለች።

ልጅቷ ሔራን ናት፤ የታናሽ እህቷ የፍቅርአዲስ ልጅ። ፍቅርአዲስ አሜሪካ፣ አትላንታ አግብታ፣ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው በካንሰር ታማ ከፋሲካ በኋላ አረፈች። አባትየው ልደቱ የረጅም መንገድ ጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ነው፤ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። «እትዬ ወለተ፣ እስክደራጅ ድረስ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» ብሎ የስድስት ዓመት ልጁን በሰኔ ወር አዲስ አበባ አምጥቶ፣ መሪ ሰፈር ከእነሱ ቤት አስቀምጧት ተመለሰ። ወለተማርያምና በላይነህ ልጅ አልወለዱም። ልጅቷ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትገባ ወለተማርያም ደስታና ሐዘን ባንድ ጊዜ መጥተውባት፣ እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱን ትታ ሻንጣውን ተቀበለቻት።

ሐምሌን ሔራን እንደ ወፍም ቢሆን ትለቅም ነበር። አንዷን ቁራሽ ትገምጣለች፣ ከወተቱ ትጎነጫለች። ይቺ መልቀሟ አላጠግብ ያላት ወለተማርያም የፍልሰታ ዋዜማ እንጦጦ ማርያም ወጣች። ዝናቡ እየወረደባት ቅጥሩን ተደግፋ ተሳለች፦ «እመቤቴ፣ አንቺ ብቻ የዚችን ልጅ አፍ ክፈቺልኝ፤ እኔ ፍልሰታን በጥሬ እጾምልሻለሁ።» በጥሬ ማለት እንግዲህ እንጀራ የለ፣ ሽሮ የለ፤ ከቅዳሴ መልስ አንድ እፍኝ የራሰ ሽምብራ፣ በላዩ ላይ ውኃ፣ በቃ።

ታዲያ ስለቱ ቀና ብላችሁ ነው? ጭራሽ ጾሙ ከገባ ወዲህ ልጅቷ አፏን እንደ ቆርኪ ገጠመችው።

የንስሐ አባቷ «ሐዘንተኛ ሕፃን ናት፣ ሰባትም አልሞላት፣ መግቢያት» ብለው ስለፈቀዱ፣ ወለተማርያም ለሔራን ለብቻዋ ድስት አውጥታ፣ ለብቻዋ ሳህን ገዝታ፣ እንቁላሉን ትቀቅላለች፣ ወተቱን ታፈላለች፣ ዳቦውን በቅቤ ትቀባለች። ልጅቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እሷ ከፊቷ ትቆምና «ብዪ እናቴ፣ ብዪ እንጂ» ትላለች። ሔራን ሳህኑን ታያለች፣ ቀና ብላ አክስቷን ታያለች፣ ከዚያ እጇን ጭኗ መሀል ትከታለች። ያልተበላው ዳቦ ማታ ከወለተማርያም ትራስ ሥር ይገኛል። አንድ ቀንማ ቅዳሴ ላይ መሀረብ ልታወጣ ቦርሳዋን ብትከፍት የተቀቀለ እንቁላል! በፍልሰታ! በቤተ ክርስቲያን! ከጎኗ የነበረችው ሴት እንዳታይባት ቦርሳዋን ግጥም አድርጋ ዘግታ፣ እንቁላሉን እንደ ቦምብ አቅፋው ቅዳሴውን ጨረሰች። ቤት ገብታ «ሔራንዬ፣ ምግብ አይደበቅም፤ ግፍ ነው፣ እሺ?» አለቻት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ኦኬ» አለች።

ሐሙስ ዕለት ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሟ ሚዛን ላይ አቆመቻትና ፊቷን ቋጠረች። «ሰኞ ይመልሱልኝ። ከዚህ ከቀነሰች አስተኝተን በግሉኮስ ነው የምንይዛት» አለች። ከዚያች ቃል ወዲያ ወለተማርያም እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። የእህቷ ክንድ ላይ ስንት መርፌ እንደተሰካ በስልክ ስታይ ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ይቺ ክንድ!

አርብ ማታ ልደቱ ደወለ። ነገሩን ስትነግረው «አንድ ነገር አለ» አለ። «ፍቅሬ እሁድ እሁድ የምትሠራላት። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ናቸው ያስተማሯት፤ ኮርን ፑዲንግ ይሉታል፣ የአገራቸው የደቡቦቹ ምግብ ነው። እሸት በቆሎ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ። እንደ ኬክም ነው፣ እንደ ገንፎም ነው። ሔራን ሳህኑን ትልሰው ነበር።»

«ጎበዝ! እስካሁን የት ነበርክ?» አለች ወለተማርያም፤ ስልኩን ሳትሰናበት ዘጋችው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ጭንቅ። ኦቨን የላትም። ሠርታው አታውቅም። ከሁሉ የከፋው፣ መቅመስ አትችልም። ሳይቀመስ የተሠራ ምግብ ጨው ይብዛው ስኳር ይነሰው በምን ይታወቃል? ልጅቷ አንዴ አፏ አድርጋ ከተፋችው ደግሞ አለቀ፣ ሰኞ መርፌ ነው።

የበሩን መዝጊያ ከፍታ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳች። የናዲያ ቤት ነው። ናዲያ ታች መሬቱ ላይ ሱቅ ያላት የስልጤ ልጅ ናት፤ ድሮ የልደት ኬክ እየጋገረች ትሸጥ ስለነበር ኦቨኗ እስካሁን አለ። ነገሩን ሰምታ ስታበቃ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ታዲያ ይኼ ያስለቅሳል? በቆሎውን አንቺ አምጪ፣ ኦቨኑ የኔ። ምላስም ከጠፋ ወላሂ አበድርሻለሁ።»

ቅዳሜ ወለተማርያም ከቅዳሴ ስትመለስ መሪ ታክሲ ማዞሪያው ጋ ከተኮለኮሉት በቆሎ ሻጮች ፊት ተንበረከከች። እያንዳንዱን ገለጥ አድርጋ በጥፍሯ ትጫናለች። ወተት የሚተፋውን ትመርጣለች፣ ደረቅ ያለውን ትመልሳለች።

«እናቴ፣ ለጥብስ ነው ለቅቅል?» አለቻት ሻጯ።

«ለልጅ ነው።»

«ልጁ ጥፍር አይበላም አይደል? ኧረ ሁሉንም ወግተው ጨረሱብኝ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱ ነበራት። ዛሬ ግን የመረጠችውን በፌስታል ሞልታ፣ ላይ ላዩን እየተነፈሰች ቤቷ ገባች። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ አርፋለች። በላይነህ ባለፈው «ሴትዮ፣ ቀሚስሽ ሰው የለበሰው አይመስልም» ሲላት ተቆጥታው ነበር።

ናዲያ ወጥ ቤት ሥራው ተጀመረ። ናዲያ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ቪዲዮ ከፈተች። አንዲት ወፍራም ጥቁር አሜሪካዊት ሴት እየሳቀች በቆሎ ትልጣለች። ወለተማርያም ቋንቋው ባይገባትም እጅ እጇን አየች። እሷም በቆሎውን አቁማ በቢላዋ ፍሬውን ከላይ ወደ ታች ሸለተችው፤ ከዚያ በቢላዋው ጀርባ ቆረቆንዳውን ስትፍቀው ነጭ ወተቱ ጠብ ጠብ አለ። ግማሹን ፍሬ ናዲያ በጁስ መፍጫዋ ፈጨችው፣ ግማሹ እንዳለ ቀረ። እንቁላሉ ተመታ፣ ወተቱ ገባ፣ ቅቤው ቀልጦ ተጨመረ፣ ዱቄት በትንሹ ተነሰነሰ።

በዚህ ሁሉ መሀል ወለተማርያም ፍንጣቂ እንኳ ከንፈሯን እንዳይነካት አፏንና አፍንጫዋን በነጠላ ጠምጥማ ነበር የምትሠራው። ሔራን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ያንን የተሸፈነ አፍ ትክ ብላ ታየዋለች።

«እንግዲህ ምላሴ ትምጣ» አለች ናዲያ፤ «ቢስሚላህ» ብላ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። ሔራን ከበርጩማው ብድግ አለች። የናዲያን ከንፈር፣ ቀጥሎ ጉሮሮዋን፣ ቀጥሎ ፊቷን ተራ በተራ አየች።

«ስኳር ትንሽ ይቀረዋል። በቆሎአችን እንደነሱ ጣፋጭ አይደለም። ጨዋ ልጅ፣ ነይ አንቺም ቅመሺ!» ናዲያ ማንኪያውን ዘረጋችላት። ልጅቷ አንድ እርምጃ ቀረበች። ወደ አክስቷ ዞር ብላ ነጠላውን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ወለተማርያም ስኳር ስትለካ ይህን አላየችም። ጭንቅ ዓይን የለውም እኮ።

ድስቱ ኦቨን ገባ። ወለተማርያም በመስታወቱ እያየች ስትጸልይ፣ ገና መሀሉ ሳይረጋ፣ ድርግም! መብራት ሄደ።

«አይ እኔ ዕድለ ቢሷ!» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «በቃ፣ አልፈቀደችም። በጾም ቅቤ ማቅለጤን አልወደደችውም!»

«ተነሺ እባክሽ! መብራቱን ያጠፋው መብራት ኃይል ነው፤ ማርያምን ለምን ታሚያታለሽ?» አለች ናዲያ። ከሰል ምድጃዋን በረንዳ ላይ አወጣች። ፍሙ ሲቀላ ድስቱን ላዩ ላይ ጣደች፣ በብረት ክዳን ከደነችው፣ ክዳኑም ላይ ፍም ደረደረችበት፤ ድፎ ዳቦ እንደሚጋገረው፣ ከላይም ከታችም እሳት። ወለተማርያም ጎንበስ ብላ እፍ እያለች ስታራግብ ራሷ ዞረባትና የበረንዳውን ብረት ያዘች።

ትንሽ ቆይቶ ሽታው ወጣ። የበቆሎ፣ የወተት፣ የቀለጠ ቅቤ ሽታ በግቢው ሁሉ ተበተነ። በፍልሰታ፣ ያውም ከቅዳሴ መልስ! ከላይኛው ፎቅ አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ ብላ «ኧረ በስመአብ! ማነው በዚህ ቀን ቅቤ የሚያቀልጠው?» ብላ ጮኸች። ወለተማርያም ድምፁን አወቀችው፤ የጽዋ ማኅበሯ አባል ናት። ግድግዳው ሥር ኩርምት አለች። በጾም ጥንካሬዋ የምትታወቅ ሴት!

«እኔ ነኝ፣ ናዲያ! ምን ላድርግ፣ በኔ እኮ ጾም አይደለም!» አለች ናዲያ ወደ ላይ፤ ወለተማርያምን ጠቀሰቻት።

ክዳኑ ሲነሳ ላዩ ወርቅማ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ፣ መሀሉ እንደ እርጎ ይንቀጠቀጣል። ልክ ቪዲዮው ላይ እንዳለው። ናዲያ ከዳሩ ቆርሳ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። «ወላሂ ይኼንን ያልበላ ልጅ የለም። የለም!»

ድስቱን ተሸክመው ወደ ወለተማርያም ቤት ተሻገሩ። ሔራን ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ወለተማርያም በርከት አድርጋ ቆርሳ በአዲሱ ሳህን አቀረበችላት። ማንኪያውን ከጎኑ አስቀመጠችላት።

ሔራን ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «የማሚ ነው» አለች።

«አዎ እናቴ፣ የማሚ ነው። በይ ብዪ።»

ልጅቷ ማንኪያውን አነሳች። ቆረሰች። ወደ አፏ አስጠጋችው። ቀና ብላ አክስቷን አየች። መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው፤ እጇንም ጭኗ መሀል ከተተች።

የወለተማርያም ትዕግሥት እዚያች ላይ ተበጠሰ። ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ለቅሶ ቤት። «ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ እንጂ ልጄ፣ ምን ላድርግልሽ? ሰኞ በመርፌ ሊወጉሽ ነው እኮ! እህቴን ቀበሩብኝ፣ አንቺንም ልቀብር ነው? ምን አጠፋሁ?»

ሔራን ፈራች። ከወንበሯ ወርዳ አጠገቧ ቆመች። ቀስ ብላ የአክስቷን እጅ አንጓ በጣቶቿ ከበበችው፤ ጣቶቿ ገጠሙ።

«አንቺስ?» አለች።

«እኔ ምን?»

«አንቺስ አትበዪም?»

«እኔማ ጾም ነኝ፣ የኔ ቆንጆ። አልራበኝም። አንቺ ብዪ።»

«ማሚም እንደዚያ ትል ነበር» አለች ሔራን። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን እየፈለገች ነው የምትናገረው። «አልራበኝም፣ አንቺ ብዪ፣ ትላለች። ይኼን ትሠራለች፣ እኔ እበላለሁ፣ እሷ አትበላም። እጇ እንዲህ ሆነ።» የያዘችውን አንጓ አሳየቻት። «እኔ ሁሉንም በላሁት። ሁሉንም። ከዛ ሞተች።»

ወለተማርያም ለቅሶዋ ቆመ። ናዲያ በሩ ጋ እንደቆመች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እንቁላሉን» አለች ሔራን፣ «ላንቺ ነበር ቦርሳ ውስጥ ያስቀመጥኩት። ዳቦውንም። ግን አልበላሽውም። ተቆጣሽኝ።»

አይ ወለተማርያም! ስንት ነገር ስትጨነቅ ኖራ፣ የሚያስጨንቀው ከፊቷ ተቀምጦ አላየችውም። ልጅቷን ለብቻዋ ድስት፣ ለብቻዋ ሳህን ሰጥታ፣ ከፊቷ እየከሳች ቆማ «ብዪ» ስትላት ከረመች። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለች ያደገች ሴት! ለልጅቷ አፍ መከፈት ብላ የገባችበት ስለት ነው የልጅቷን አፍ የዘጋው። ይህ ሲገባት ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ጨርቅ ተቀደደ፤ ዋይ ልትል ፈለገች፣ ልጅቷ እንዳትደነግጥ ብላ ዋጠችው።

ተነስታ ለራሷም ማንኪያ አምጥታ ወንበር ሳበች፤ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች። ማንኪያዋን አነሳች። ከሳህኑ ቆረሰች። በሕይወቷ ፍልሰታን ፈትታ አታውቅም፤ ጡት ካስጣሏት ጀምሮ አንድም ዓመት። ስለቷ ደግሞ ነበር። ስለት የሚያፈርስ ሰው ምን እንደሚያገኘው ከእናቷ ስንት ታሪክ ሰምታለች። ልጅቷ ላይ ቢመጣስ?

«እትዬ» አለች ናዲያ በቀስታ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እኔ ወደ ውጭ ነው የማየው። ምንም አላየሁም።»

ወለተማርያም አማተበች። «እመቤቴ፣ አንቺም ልጅ አሳድገሻል» አለች ጮክ ብላ፤ «ይኼ ላንቺ ካልገባሽ ለማን ይገባዋል? ቀኖናዬን እቀበላለሁ።» ከዚያ ማንኪያውን አፏ ውስጥ ከተተች።

ጥሬ ሽምብራ ሲያሻክረው የሰነበተ ምላሷ ላይ ቅቤውና ጣፋጩ ሲያርፍ እንባዋ እንደገና መጣ። ጣፈጣት። መጣፈጡ አሳፈራት፣ አሳፍሯትም ጣፈጣት። እህቷ እሁድ እሁድ፣ በዚያ ሩቅ አገር፣ ራሷ ሳትበላ ለልጇ የምትሠራውን አሁን ነው የቀመሰችው።

ሔራን ፊቷ ላይ ተደፍታ ጉሮሮዋን ታያለች። «ዋጥሽው?»

«ዋጥኩት።»

«ክፈቺ።»

«ምን?»

«አፍሽን ክፈቺ። ማሚ ጉንጯ ውስጥ ትደብቅ ነበር፤ ከዛ ሶፍት ላይ ትተፋዋለች። አይቻታለሁ።»

ወለተማርያም አፏን በሰፊው ከፈተች። ሔራን ግራ ጉንጯን አየች፣ ቀኝ ጉንጯን አየች፣ ምላሷንም ከፍ እንድታደርግ አዘዘቻት። ባዶ መሆኑን ስታረጋግጥ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። የራሷን ማንኪያ አነሳችና ጎረሰች። አኘከች። ዋጠች። እሷም አፏን ከፍታ አሳየቻት።

«አሁን አንቺ» አለች።

እንዲህ እየተባባሉ፣ አንዴ እሷ፣ አንዴ እሷ፣ ሳህኑ ተገባደደ። ናዲያ መስኮቱ ጋ ቆማ ጀርባዋ ይንቀጠቀጣል፤ ደጅ የሚያስለቅስ ነገር የነበረ ይመስል በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

በሩ ላይ ቁልፍ ተሰማ። በላይነህ ነው፤ ከእንጦጦ ከዘመድ ለቅሶ መመለሱ ነው፤ ጫማው ጭቃ ነው፣ ጃኬቱ ረጥቧል። ገባ። ሽታው ቀድሞ ተቀበለው። ልጅቷን አየ፤ አፏ ሙሉ ነው፣ ታኝካለች። ሚስቱን አየ፤ ከንፈሯ ቅቤ ነው። ወለተማርያም ማንኪያዋን እንደያዘች ድንጋይ ሆነች። ምን ይለኝ ይሆን፣ ለማን ይነግር ይሆን፣ ይጠላኝ ይሆን ብላ በዚያች አፍታ ስንት ነገር አሰበች።

ሔራን ያኘከችውን ዋጠችና «ጋሼ፣ አንተስ በላህ?» አለችው።

በላይነህ ሚስቱን እንደገና አየ። የእጇን አንጓ፣ የሰፋባትን ቀሚስ፣ ዓይኗ ሥር ያለውን እንባ አየ። ጫማውን በሩ ጋ አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ መጥቶ፣ በልጅቷ በሌላኛው በኩል ተቀመጠ።

«አልበላሁም» አለ።

ሔራን ከድስቱ ቆርሳ፣ ማንኪያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፉን እስኪከፍት ጠበቀችው።